ያለ መጋረጃ

በ1932 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ውስጥ መልካም አያሁ ከምትባል የዛር አዋቂ ቤት እየዋለ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ዛሩ ሲሰፍርባት ድምጿ ይለወጣል። እንደ አርበኛ ትፎክራለች፤ በወንድ ስም ትጠራለች፤ የመጡትም በዚያው ስም ይለማመጧታል። ሴት መሆኗ ለማንም አልተሰወረም። ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱን ከቴያትር ጋር አስተያይቶ ተነተነው፤ ሰዎቹ ያስመስላሉ ለማለት ሳይሆን፣ ቴያትሩን ይኖሩታል ለማለት ነው።

ጾታን ተሻግሮ መታየት ከባሕር ማዶ የተጫነብን ነገር ነው የሚል ሰው በዚህ ቤት ደጅ ማለፍ አለበት። ሀገራችን መሻገሩን ታውቀዋለች፤ መጋረጃ እስካለው ድረስም ታግሣው ኖራለች። መጋረጃው ዛር ሊሆን ይችላል፤ የተውኔት ሚናም ሊሆን ይችላል። ቁጣው የሚነሣው ሰው መጋረጃውን ገልጦ በራሱ ስም "ይህ እኔ ነኝ" ሲል ነው።

የመንዝን ደጋ እናንሣ። ምሁሩ ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው "ሰምና ወርቅ" ስለ መንዝ በሰፊው ጽፏል፤ በቀጣዩ ዓመትም ስለ ወንድነት በኢትዮጵያ ባህል ራሱን የቻለ ጽሑፍ አወጣ። በደጋው ወንድነት ማለት ጀግንነት ነው፤ ችግርን መቻል ነው። ሥራም ተከፍሏል፦ የበጉን ጠጉር ሴት ትፈትላለች፤ ባናውን ወንድ ይሸምናል። ድንበሩ እንዲህ በተሰመረበት የአማራ ደጋ ወንዳገረድ የሚባል ሰው ነበረ። ሳይመን ሜሲንግ በ1957 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች እግዜር ሲፈጥር የተሳሳተባቸው ተደርገው ይታዩ እንደነበር፣ ለብቻቸው እንደሚኖሩና ከሴቶች ጋር እንደ እኅትና ወንድም እንደሚቀራረቡ መዝግቧል። ይህን ክብር ማለት ማሞካሸት ነው። ጎዶሎ የተባለ ሰው ይታዘንለት ይሆናል እንጂ ቃሉ አይሰማም። ቢሆንም ስም ነበረው፤ የሚኖርበት ቦታም ነበረው።

የከተማውም መድረክ ከዚህ አልራቀም። በአዲስ አበባ ቴያትር የመጀመሪያ ዘመን የሴት ሚና የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ወንዱ ሴት ሆኖ ሲታይ ተመልካቹ ተቀበለው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ክራር ተጫዋቿ አስናቀች ወርቁ ራሷ ሴት ሆና ስትወጣ ግን የሚጠብቃት ስድብ ነበር። ክራሯን አልጣለችም፤ ከመድረክም አልወረደችም። በ2011 ስታርፍ ሀገሩ ያለቀሰላት በዚያው በተሰደበችበት ሙያ ነው።

ያለ መጋረጃ በራስ ስም የመታየት ትግል ካሪቢያን ውስጥ ዛሬ በገሃድ እየተካሄደ ነው። በየካቲት 2020 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አንዲት ቤት አልባ ትራንስጀንደር ሴት ተገደለች፤ ዜናው "ቀሚስ የለበሰ ወንድ" ሲላት፣ የደሴቲቱ ዝነኛ ዘፋኝ ባድ በኒ ራሱ ጉርድ ቀሚስ ለብሶ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ተቃውሞውንም በካናቴራው ላይ አስነበበ። ያ ድጋፍ ነበር፣ ለዚያውም የወንድ ድጋፍ። በሰኔ 2022 ግን የባያሞን ልጅ የሆነችው ትራንስጀንደር ራፐር ቪያኖ አንቲያኖ ከአርጀንቲናዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ቢዛራፕ ጋር ባወጣችው ሥራ ራሷ ተናገረች፤ ዓለምም ሰማት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሌላ ሰው ስለ እርሷ ሲከራከርላት አልቆየችም፤ የወንዶች ጎራ በሚመስለው ራፕ ውስጥ ገብታ በገዛ ችሎታዋ ቦታዋን ያዘች።

ከእኛ ወገን ለዚህ ታሪክ የሚቀርቡት ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ ናቸው። በወንድና በሴት ክፍፍል ውስጥ ራሳቸውን የማያስገቡት ፋሪስ በቪየና ይኖራሉ፤ መድረክ ላይ ይቀርባሉ፤ ከባሕሩ ሸዋዬ ጋርም ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለውን የመብት ድርጅት መሥርተዋል። ጥበቡና ክርክሩ አንድ ሆነው መጡ፤ ሊነጣጠሉም አይችሉም፤ ምክንያቱም መድረክ ላይ ያለው ሰው በሚናው አይሸሸግም።

"ሃይማኖታችንስ?" የሚለው ጥያቄ ከልብ የመነጨ ነውና በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ዛርን አጥብቃ እያወገዘች፣ ሰፈሩ ከዛር አዋቂዋ ደጅ ሲሰለፍ ኖሯል፤ ውግዘቱ ሰውን ለማሳደድ ፈቃድ አልሆነም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ነው፤ ማንነትን አይደለም። በነሐሴ 2023 ቲክቶክ ላይ የሆነው ግን ከሁለቱም ያለፈ ነበር፦ የሰዎች ስምና ፎቶ እየተለጠፈ ይገረፉ፣ ይገደሉ ተባለ። ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ ኩባንያው ቪዲዮዎቹን እንዲያነሣ በይፋ ጠየቀ። ጥያቄው ከውጭ ሀገር የተሰማው፣ ፎቷቸው የተለጠፈባቸው ሰዎች አዲስ አበባ ሆነው አፋቸውን መክፈት ስለማይችሉ ነው።