ሳይለኩ «ቦርዱ ተቃጥሏል»!

ሰሃላ ላይ ሆኖ ስለ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን መጻፍ ቅንጦት ይመስላል። በ2016ቱ ድርቅ ሰውም ከብትም የተሰቃየበት ወረዳ ነው። ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳ ሰው «ማሽናችን ውሃ አላሞቅ አለ» ቢሉት ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔ የምከሰው ሳይለካ የሚፈርደውን ባለሙያ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ሳህኑ ከነቅባቱ ሲወጣ ጠጋኝ ይጠራሉ። ጠጋኙ በሩን ከፍቶ ዘግቶ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይላል። ቦርድ ውድ ዕቃ ነው፤ የሚመጣውም በዶላር ነው። ቴስተሩ ግን ከቦርሳው አልወጣም። ይሄ ምርመራ ሳይሆን ጥንቆላ ነው!

ምርመራ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መስመሩ ይለካል። በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚሰጥ ሄተር፣ መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ የሚሰጠው 1340 ዋት ገደማ ነው። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ጥፋቱ የመብራቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀጥሎ ማጣሪያው ይታያል፤ ውሃው በደንብ ካልዞረ ብዙ ማሽኖች ሄተሩን አያበሩም። ከዚያ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ የሄተሩ ገመድ ተላቆ ይለካል። ያው ባለ 2000 ዋት ሄተር 24 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት። ጭራሽ ካላነበበ ተበጥሷል፤ ከብረት አካሉ ጋር ካነበበ ደግሞ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ነው፣ ሰው ይገድላል። የሙቀት ሴንሰሩና ገመዶቹም ይፈተሻሉ። ቦርዱ የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ ነው።

«ጊዜ ይፈጃል» ይሉናል። ቴስተር ማስነካት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ያላግባብ የተገዛ ቦርድ ግን የአንድ ቤተሰብን የወር ቀለብ ይበላል።

ይኸው ልማድ ገጠር ሲወርድ ይከፋል። የጉድጓድ ፓምፕ ቆሞ አንዱ ሳይለካ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ከፈረመ፣ አዲስ ሞተር እስኪገዛ እናቶች ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። የላላ ገመድ ብቻ ቢሆንስ? ከተሜው በሐሰት ፍርድ ገንዘቡን ያጣል፤ የሰሃላ ሰው ውሃውን።

ስለዚህ ወዳጆች፣ ጠጋኝ ሲፈርድባችሁ «ስንት አነበበ?» በሉት። ቁጥር ከሌለው ክፍያ የለም። የወረዳ ኃላፊዎችም የተለካ ቁጥር በሌለበት የብልሽት ሪፖርት ላይ የግዢ ፊርማ አታሳርፉ!