የአንድ ክንድ ነገር

ሱማሌ ተራ ከመኪና ዕቃ መደብሮች ፊት ቆመው የሚከራከሩትን ወጣቶች ያላየ አንባቢ ካለ፥ መርካቶን ገና አላወቀም ማለት ነው። ክርክሩ ዘወትር አንድ ነው፤ የእገሌ መኪና የእገሌን ትቀድማለች ወይስ አትቀድምም? ካርቡራተር የሚፈታው፥ ጎማ የሚያንከባልለው፥ ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ ሁሉ ዳኛ ነው። እኛም ወደ አውቶቡስ ተራ ስናልፍ ቆመን እንሰማለን፤ የምሕንድስና ተማሪዎች መሆናችንን ካወቁ ወዲህም አስተያየት ስጡ ይሉናል። ዛሬ በጽሑፍ እንሰጣለን።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ ይህን ፍቅር አልባሌ ነው ይሉታል። እኛ አንስማማም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትር ሮጠው ሲጨርሱ፥ ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፥ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ነበር የገቡት። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት ሲሰላ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ቢለካው አንድ ክንድ ተኩል አይሞላለትም። እኛ ያኔ አልተወለድንም፤ ሆኖም የመጨረሻውን ዙር ከታላላቆቻችን አፍ እየሰማን ስላደግን ያየነው ይመስለናል። ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ የተደረገውን ግን በዓይናችን አይተናል። ዩጋንዳዊው ቼፕቴጌይ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ ቀደመ፤ በሪሁ አረጋዊ በ43.44፥ አሜሪካዊው ፊሸር በ43.46 ተከተሉት። በብርና በነሐስ መካከል የነበረው 2 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ መርካቶ ሻይ ቤት ውስጥ መቀመጫ አጥተን ቆመን ነበር፤ ስሙ በሰሌዳው ላይ እስኪወጣ ድረስ አንድም ሰው ሲኒውን አላነሣም።

ያን ያህል ትንፋሽ የሚያስውጠው ምንድን ነው? አንድ ሯጭ መቶ ሜትር ቀድሞ ቢገባ ሻያችንን እየጠጣን እናጨበጭብለታለን። ክንዷ የከበረችው ሁሉም ከአንድ መስመር ተነሥተው እኩል መንገድ ስለሮጡና ካሜራው የፈረደውን ማንም ስለማይሽረው ነው።

ድራግ ሬስ የሚባለውም ውድድር በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ሆነው ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር፥ ማለት ሩብ ማይል፥ ይሮጣሉ። በመካከላቸው እንደ ገና ዛፍ የተደረደረ መብራት ይቆማል፤ አረንጓዴው ሳይበራ የተነሣ ቀይ በርቶበት ይሸነፋል። ሰዓቱ ሁለት ነው። አንደኛው መብራቱ ከበራ ጀምሮ መኪናው እስኪነቃነቅ ያለውን፥ ሁለተኛው ከመነሻው ወጥቶ እስኪጨርስ ያለውን ይለካል። አንዱ መኪና መንገዱን በ12.00 ሰከንድ ቢጨርስ፥ ሾፌሩ ግን ሲነሣ 0.30 ሰከንድ ቢዘገይ፤ ሌላው በ12.10 ቢጨርስ፥ ሲነሣ ግን የዘገየው 0.15 ብቻ ቢሆን፥ ፈጣኑ መኪና ተሸነፈ። የተሸነፈው በ5 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ይህም አምስት ክንድ ያህል ይሆናል። ተመልካቹ መጨረሻው ላይ ሲጮህ ነገሩ ያለቀው መነሻው ላይ ነበር። ለሱማሌ ተራ ተከራካሪዎች የምንመልሰው የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው፤ ስለ ሞተሩ ብቻ ተከራክራችሁ ሾፌሩን ረስታችኋል።

ሌሊት አስፋልቱ ጭር ሲል ጎን ለጎን ሆነው ቤንዚን የሚረግጡት ግን የሚወዳደሩ ይመስላቸዋል እንጂ አይወዳደሩም። መነሻውን ማን ለካ? ቀድሞ የለቀቀው ማነው? ይህ በማግስቱ ጠብ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ መንገዱ ባዶ አይደለም። ከክፍለ ሀገር እህል የጫነ አይሱዙ ይገባል፤ ተሸካሚው ለማራገፍ ይወጣል፤ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ሳይነጋ ወደ አውቶቡስ ተራ ያቋርጣል። እነዚህ ሰዎች በውድድሩ ውስጥ አልተመዘገቡም።

አሜሪካኖችም በዚህ አልፈዋል። ዋሊ ፓርክስ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1951 ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽንን ሲያቋቁም፥ ሐሳቡ ጎረምሳውን ከጎዳና አውጥቶ ወደ ተከለለ ሜዳ ማስገባት ነበር። ሜዳውም ቢሆን ሞትን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮት ካሊታ ሲወዳደር ከሞተ በኋላ፥ እጅግ ፈጣኖቹ መኪናዎች የሚሮጡት ከ402 ወደ 305 ሜትር ተቀነሰ፤ የቀረው መንገድ ለማቆሚያ እንዲሆን ነው። በአጥርና በዳኛ መካከል ይህ ከሆነ፥ በቀለበት መንገድ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ይህ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው የሚሉን አሉ። አይደለም። ቮልስ ከቮልስ፥ ዲኤክስ ከዲኤክስ ይገናኝ። ከዚህም የሚያምር ዘዴ አለ፤ እያንዳንዱ ሾፌር የሚጨርስበትን ሰከንድ አስቀድሞ ያስታውቃል፥ ዘገምተኛው በልዩነቱ መጠን ቀድሞ ይለቀቃል፥ ካስታወቀው ሰዓት አሳንሶ የገባም ይሸነፋል። እንዲህ ሲሆን አሮጌ ላዳ ከአዲስ መኪና ጋር መጨረሻው ላይ በአንድ ክንድ ልትገናኝ ትችላለች። ላዳዋን የሠራት የሱማሌ ተራ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጩኸቱ እስከ ምናለሽ ተራ ይሰማል።

መንገድ መዝጋት አይቻልም እንዳይባል፥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተወሰኑ እሑዶች ዋና ዋና ጎዳናዎች ለእግረኛ ሲዘጉ አይተናል። እኛ የምንጠይቀው ከሰው ርቆ የሚገኝ፥ ከ402 ሜትሩ በኋላ ለማቆሚያ ቢያንስ ሌላ ያን ያህል ያለው፥ ግራ ቀኙ የታጠረ፥ አምቡላንስ የቆመበት አንድ ቀጥ ያለ መንገድ፥ በወር አንድ ጧት ነው። መብራቱና ሰዓቱ ከባድ ሥራ አይደለም። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱ የመጪው ሴሚስተር ፕሮጀክታችን እንዲሆን እናመለክታለን። ሽቦውንና አምፖሉን የሱማሌ ተራ ወዳጆቻችን እንፈልግላችኋለን ብለውናል፤ ዋጋ ግን አልቀነሱልንም።