የማኅበሩ የኢንተርኔት ስም በማን ይመዝገብ?

ምርታቸውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ ለማቅረብ አዲስ የንግድ ድርጅት የሚያቋቁሙ የገበሬ ማኅበራት ዛሬ ከመጋዘንና ከሚዛን ሌላ በኢንተርኔት የሚገኙበት አድራሻ እንደሚያስፈልጋቸው የታወቀ ነው። ይህ አድራሻ ቀድሞ ያስመዘገበው የሚይዘውና ክፍያው በየጊዜው የሚታደስ ስም ነው። እድሳቱ ከተዘነጋ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

የስም ጉዳይ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ካመለከተ በኋላ የአገሪቱ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስምምነት የተደረሰውም በ1999 ዓ.ም. ነው። ገበሬው ለዘመናት ሲጠራበት የኖረው ስም እንኳ ይህን ያህል አከራክሯል።

በምርጫው ረገድ አስቸጋሪው ፊደሉ ነው። በራሳችን ፊደል ቢጻፍ የውጭ ገዢ አይጽፈውም፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ። ይርጋ ጨፌን አንዱ በአንድ «ኤፍ» ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። ስለዚህ በስልክ ሲነገር አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚጻፍ አጭር ስም መምረጥ፣ ሁለት አጻጻፍ ካለውም ሁለቱንም መያዝ ይበጃል። የማኅበሩን ስም ከነቀበሌውና ከነወረዳው መደርደር ለማኅተም እንጂ ለአድራሻ አይሆንም።

የስሙ መጨረሻም ይታሰብበት። «ነጥብ ኢቲ» የኢትዮጵያ መለያ ሲሆን «ነጥብ ኩፕ» ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተመደበ ነው። «ነጥብ ኮም» ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ብዙው አጭር ስም ተይዟል።

ከሁሉ ይልቅ መሪዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባው ግን የምዝገባው ባለቤት ማን እንደሆነ ነው። ሥራው ኮምፒዩተር ለሚያውቅ አንድ ወጣት ወይም ለተቀጠረ ባለሙያ ይሰጥና እርሱ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል። ነገር ግን ሰውዬው ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ የእድሳቱ ማስታወቂያ ለእርሱ እንጂ ለማኅበሩ አይደርስም፤ ገዢው የለመደው አድራሻም አንድ ቀን ይዘጋል። ስለሆነም ምዝገባው በማኅበሩ ስም እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ኢሜይሉም የማኅበሩ ይሁን። የይለፍ ቃሉን ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ይያዙት፤ መሪ ሲለወጥም ከማኅተሙና ከሒሳብ መዝገቡ ጋር በርክክብ ይተላለፍ። የእድሳቱ ክፍያ ከዓመቱ በጀት ውስጥ ይግባ፤ ቀኑም በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።