እናትየዋ ደርሳለች፤ መረጃዋ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል

ዛሬ ስለ ምግብም ስለ መድኃኒትም አልጽፍም። ሆዴን ሲበላኝ የከረመ ነገር አለ፣ እሱን ልናገር። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሌሊት ነው፣ ተረኛ ነኝ። ከጥርባ በኩል የተነሳች የስምንት ወር ነፍሰ ጡር በአምቡላንስ ደረሰች። እኔ ዘንድ እስክትመጣ ሁለት የጤና ተቋማት አይተዋታል። የደም ግፊቷ 170/110 ነው፣ ራሷን ይወጋታል፣ ዓይኗ ይደበዝዝባታል። ይህ ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ወደ ማንቀጥቀጥ ከተሸጋገረ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። የማንቀጥቀጡ መከላከያ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ ነው። መጀመሪያ ከፍ ያለ መጠን ይሰጣል፣ ከዚያ በሰዓት እየተቆጠረ ይቀጥላል።

የሪፈር ወረቀቷን ዘረጋሁት። ዝናብ መቶታል። "ማግ" የሚል ይነበባል፣ ቀሪው ቀለም ሆኗል። ተሰጥቷታል ነው ወይስ ይሰጣት? ስንት ግራም? በስንት ሰዓት? ባለቤቷን ጠየቅሁት፣ "መርፌ ወግተዋታል ዶክተር" አለኝ። የምን መርፌ እንደሆነ በምን ይወቅ? እሷን እንዳልጠይቅ የምትናገረው አዊኛ ነው፣ እኔ ደግሞ አልችልም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። መርፌው ተሰጥቷት ከነበረና ብደግመው፣ መጠኑ በዝቶ ትንፋሿን ሊያቆመው ይችላል። ሳይሰጣት ቀርቶ ከነበረና ብተወው፣ እጄ ላይ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። ጉልበቷን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ፣ ትንፋሿን ቆጥሬ፣ ሽንቷን ለክቼ ወሰንኩ። ተመስገን፣ እሷም ልጇም ተረፉ። ግን የዚያን ሌሊት የሠራሁትን ሕክምና ለማለት ይከብደኛል። እንቆቅልህ ተብዬ ምናውቅልህ ስል ነው ያደርኩት።

ሪፈሩን የጻፈውን ባለሙያ አትውቀሱብኝ። በስልክ መብራት ጽፎት ሊሆን ይችላል። ያንኑ ስም መዝገብ ላይ፣ ካርድ ላይ፣ ሪፈር ላይ ደጋግሞ ከጻፈ በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ለሪፖርት ይቆጥረዋል። የምጣላው ከሰው ጋር አይደለም። ያን ሁሉ ጽሕፈት ተቀብሎ ለታማሚዋ አንድ መስመር ካልመለሰው አሠራር ጋር ነው።

"ኧረ ዶክተር፣ አሁን እኮ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ሆኗል" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙ ተሠርቷል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ "የመረጃ አብዮት" ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ነበር። በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችአይኤስ-2 የተባለው ሥርዓት አገር አቀፍ የሪፖርት ማሰባሰቢያ ሆኗል። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ታብሌት ላይ የሚሠራ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት መጥቷል።

ታዲያ ይህ መረጃ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ላይ። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ሚኒስቴር። ያቺ እናት ግን ወደ ላይ አልሄደችም። እሷ የሄደችው በአስፋልቱ ነው፣ ከጥርባ በኩል ወደ እንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጋ ወደ ባሕር ዳር። በወሩ ሪፖርት ውስጥ አንዲት ቁጥር ሆና አዲስ አበባ ትደርሳለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ግን ታሪክ የሌላት እንግዳ ናት።

ሪፖርት አይረባም አላልኩም። የጃዊ ወባ ሲያገረሽ በጊዜ የሚታወቀው፣ ክትባት የት እንደጎደለ የሚለየው በሪፖርት ነው። ግን አንዲትን ሴት መቁጠርና አንዲትን ሴት ማወቅ ይለያያሉ። ለመቁጠሩ ብዙ ገንዘብና ጉልበት አፍስሰናል። ለማወቁ ያወጣነው ግን ወረቀትና ቢክ ነው።

"ሆስፒታሎችም እኮ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ጀምረዋል" ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ስማርትኬር መጥቶ ነበር፣ ባህምኒም ተሞክሯል። ግን በኮምፒውተር የሚሠራ ሆስፒታል ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ይነጋገራል ማለት አይደለም። የካርድ ቁጥራችሁ ከተቋሙ ግቢ ውጭ ዋጋ የለውም። አንዱ "የስኳር ምርመራ" ብሎ የመዘገበውን ሌላው በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ይመዘግበዋል፣ ማሽኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። ሥርዓቱ በፕሮጀክት ገንዘብ ይገባል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰርቨሩ አቧራ ይጠጣል።

ገንዘብ የለም የሚለውን ሰበብ በከፊል ብቻ ነው የምቀበለው። ባህምኒ የተሠራበት ኦፕን ኤምአርኤስ የፈቃድ ክፍያ የለውም፣ ኬንያና ሩዋንዳ ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። ሥርዓቶች የሚነጋገሩበት ፋየር የሚባለው የጋራ ደንብም በነፃ የሚገኝ ነው። ገንዘብ ብቻውንም አያድንም። እንግሊዝ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አገር አቀፍ የሕክምና ኮምፒውተር ፕሮግራም በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ከበላ በኋላ በ2011 እንዲበተን ተወስኗል። ከላይ ተጭኖ፣ ለሐኪሙና ለነርሷ ሳይመች የመጣ ሥርዓት መጨረሻው እንዲህ ነው።

አሁን ወደሚነሱብኝ ተቃውሞዎች ልምጣ።

አንደኛ፣ "መብራትና ኔትወርክ በሌለበት?" ልክ ናችሁ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ያየነው ነው። ስለዚህ ያለ ኔትወርክ የማይሠራ ሥርዓት ለእኛ ሥርዓት አይደለም። መዝግቦ አስቀምጦ መስመር ሲያገኝ የሚልክ ሥርዓት ግን ይቻላል፣ የጤና ኤክስቴንሽኑ ታብሌት እንደዚያ እንዲሠራ ነው የታሰበው። ኔትወርክ ከነጭራሹ ከጠፋ ማጠቃለያው ታትሞ በእጅ ይሄዳል፣ ቢያንስ የሚነበብ ይሆናል። ወረቀትስ ቢሆን መቼ ዋስትና ሆነ? በ2014 በጦርነቱ በወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ካርድ ምን ይተርፈዋል?

ሁለተኛ፣ "ምስጢራችን ይወጣል።" ይህ ትልቁ ነው፣ አላቃልለውም። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው መፍራቱ ልክ ነው። የይለፍ ቃሉ ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ስም የሚገባበት ኮምፒውተር ከወረቀት ይብሳል። መፍትሔው ግን አለ። በኢስቶኒያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕሙማን መረጃ አገር አቀፍ በሆነ ሥርዓት ይጋራል፣ ታማሚውም ማን መረጃውን ከፍቶ እንዳየ ራሱ ገብቶ ማየት ይችላል። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፣ የጤና መረጃንም ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። አዋጁ ካርድ ክፍል ድረስ ይውረድ ነው የምለው። ደግሞ እናስተውል፣ ዛሬ ያ የሪፈር ወረቀት በስንት ሰው እጅ ያልፋል?

ሦስተኛ፣ "ባለሙያው ጊዜ የለውም።" ይህን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። መዝገቡም ይሞላ፣ ኮምፒውተሩም ይሞላ ከተባለ እኔም አልሞላም። አንድ ጊዜ ይጻፍ፣ ሪፖርቱን ማሽኑ ራሱ ይቁጠር። ይህ ካልሆነ ባለሙያው ሥርዓቱን በዝምታ ይገድለዋል፣ አልፈርድበትም።

የምጠይቀው ትልቅ አይደለም። ሙሉ የሕይወት ታሪክ ይጋራ አላልኩም። አንድ ገጽ ብቻ፤ ማንነት፣ የደም ዓይነት፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ ነባር ሕመም፣ አሁን የሚወሰድ መድኃኒት፣ እንዲሁም ዛሬ የተሰጠው ሕክምና ከነመጠኑና ከነሰዓቱ። በአንድ የታማሚ መለያ ቁጥር። ከአዊ ጤና ጣቢያዎች ወደ ዳንግላና እንጅባራ ሆስፒታሎች፣ ከዚያ ወደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን። መንገዱ የታወቀ ነው፣ ታማሚዎቻችን በየቀኑ ይሄዱበታል። መረጃው ለምን አይሄድበትም? መልሱም ወደ መጣችበት ጤና ጣቢያ ይመለስ፣ ክትትሏ እዚያ ነውና።

ይህ ቢሆን ድንቹንና ከሰሉን ሸጦ የመጣ ገበሬ ትናንት የከፈለበትን የደም ምርመራ ዛሬ ደግሞ አይከፍልም። የእናቱን ሕመም በሰው ቋንቋ ማስረዳት የከበደው ልጅ አይሸማቀቅም። ተረኛውም ሐኪም አይጠነቁልም።

እስከዚያው ድረስ ግን እናንተ ይህን አድርጉ፦

1. ሪፈር ሲጻፍላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ወረቀቱንም በላስቲክ ጠቅልሉት።

2. መርፌ ወይም መድኃኒት ከተሰጣችሁ "ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ላይ ተሰጠ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሪፈሩ ላይ እንዲጻፍም ለምኑ። መብታችሁ ነው።

3. የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። "ነጯ ክኒን" ብቻ አይበቃንም።

4. ነፍሰ ጡሮች የክትትል ካርዳችሁን ከቤት አትርሱ፣ የደም ዓይነታችሁን ባለቤታችሁም ይወቅ።

5. የሚያንገሸግሻችሁ ወይም የሚያሳብጣችሁ መድኃኒት ካለ ስሙን ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ።

6. ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ አዊኛም አማርኛም የሚችል ሰው ቢያጅባችሁ መልካም ነው።

ይህን ምክር ስጽፍ ግን እያፈርኩ ነው። ሥርዓቱ መሸከም የነበረበትን ሸክም ነው እናንተ ጀርባ ላይ የምጭነው። ጤና ቢሮ፣ ዞን ጤና መምሪያ፣ ሆስፒታል አስተዳደር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የሚቀጥለው የኮምፒውተር ግዢ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ "ከጥርባ የመጣች እናት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትደርስ፣ ይህ ማሽን ለተረኛው ሐኪም ምን ይነግረዋል?" መልሱ "ምንም" ከሆነ፣ አትግዙት።

የደረሰባችሁን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፣ የተቋምና የሰው ስም ግን አትጥቀሱ። ቤታቸው ነፍሰ ጡር ላለችባቸው ሁሉ አጋሩት።

ጤናችሁ ይብዛ።