ቅድሚያ ለዲስኩ

ኮምፒውተር ሲዲ ወይም ዲቪዲ አላነብ ሲል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «አዲሱ ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ዲስኩ ላይ ምን አለ?» የሚለው ነው ባይ ነኝ። ማንበቢያው የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ዛሬ ባይገኝ ነገ ይገኛል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተቀረጸ የሠርግ ዲቪዲ ግን፣ የቀረጸው ስቱዲዮ ተዘግቶ ከሆነ ወይም ካሴቱን አጥፍቶ ሌላ ሠርግ ቀርጾበት ከሆነ፣ የቀረው ቅጂ በእጃችሁ ያለው ብቻ ነው።

በየቤታችን ቡፌ ውስጥ ያለውን አስቡት። ሠርግና መልስ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የአባት ተዝካር፣ ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ፎቶ ሞልቶ የላከው ሲዲ። አብዛኛው ፋብሪካ ያተመው ሳይሆን በኮምፒውተር የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ሲሆን፣ ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት እየደበዘዘ ይሄዳል። ማንበቢያውን «ሲመቸኝ አሠራዋለሁ» እያልን ዓመት ስናሳልፍ ዲስኩም በበኩሉ እያረጀ ነው።

ጥፋቱ የማሽኑ ነው የዲስኩ? ይህን ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም። ፋብሪካ ያተመው የዘፈን ወይም የመዝሙር ሲዲ፣ ፋብሪካ ያተመው የፊልም ዲቪዲ፣ ከዚያ በቤት የተጻፈ ዲስክ በየተራ አስገቡ። ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ እምቢ ካለ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ሲዲ የሚነበበው በ780 ናኖሜትር፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650 ናኖሜትር ጨረር ነው፤ ሁለቱ ጨረሮች የየራሳቸው ምንጭ ስላላቸው አንዱ ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል። የፋብሪካውን አንብቦ በቤት የተጻፉትን ሁሉ ካልቻለ፣ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም ጨረሩ ደክሟል ማለት ነው፤ በቤት የተጻፈ ዲስክ ብርሃን የሚመልሰው ከፋብሪካው ባነሰ መጠን ስለሆነ የማሽኑ ድካም ቀድሞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ሁሉንም አንብቦ አንዱን ብቻ ካልቻለ ግን ማሽኑን አትውቀሱ።

ኮምፒውተሩ ማንበቢያው መኖሩንም ካላየ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉት። እዚያም ከሌለ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት ነው። ባዮስ ላይ ታይቶ ዊንዶውስ ላይ ከጠፋ ችግሩ የዊንዶውስ ነው፤ ዴቫይስ ማኔጀር ውስጥ ማጥፋትና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። አንዳንዴም ዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ሲራገፍ ሬጂስትሪ ውስጥ «አፐር ፊልተርስ» እና «ሎወር ፊልተርስ» የሚባሉ ትርፍራፊዎች ትቶ ይሄዳል፤ የሚያውቅ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋቸዋል። ለዚህ ሁሉ «ፎርማት ይፈልጋል» የሚል ጠጋኝ ሲያጋጥማችሁ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለአንድ ማንበቢያ ተብሎ የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ሃርድ ዲስክ አይጠረግም። በዚህ ምክንያት ፎቷቸውን ያጡ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እስከዛሬም ያናድደኛል።

ሳይበላሽ ተበላሸ የሚባለውም ብዙ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ የዲቪዲ ፊልም የማጫወት አቅም አብሮት አይመጣም። ቪኤልሲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም መጫን እየበቃ ማሽኑ የተጣለበትን ቤት አይቻለሁ። ከአሜሪካ የመጣ የፊልም ዲቪዲ አልከፍትም ሲልም ምክንያቱ የአካባቢ ኮድ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ኮድ 1 ነው፤ የአውሮፓ፣ የእስራኤልና የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች 2፤ የእኛ 5። የኮምፒውተር ማንበቢያ ኮዱን የሚያስቀይረው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። ዘመድ ራሱ ቀርጾ የላከው ዲስክ ግን ኮድ የለውም።

ሌንስ ማጽዳት ዋጋ አለው፤ በተለይ እጣን በሚጨስበትና ቡና በሚቆላበት ክፍል ለኖረ ኮምፒውተር። የላፕቶፕ ማንበቢያ ሲከፈት ሌንሱ ከመሳቢያው ጋር ይወጣል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ የጆሮ ጥጥ በጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል አርሶ በጣም በስሱ ማበስ ነው። ሌንሱ በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ መጫን ይሰብረዋል፤ ሽቶ ደግሞ ቅባት ይተውበታል። ጨረሩን «ከፍ ላድርግልህ» ብሎ ውስጥ ያለችውን ብሎን የሚያዞር ጠጋኝ ግን አይመቸኝም። ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ጨረሩ ተቃጥሎ ያርፋል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ይቀየር? ሰፊው ጠፍጣፋ ኬብል ላለው አሮጌ ዴስክቶፕ ገንዘብ አላወጣም። ላፕቶፕ ላይም ያንኑ ዓይነት መፈለግ አያዋጣም፤ ባለ 12.7 እና ባለ 9.5 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለ ተሳስቶ መግዛትም አለ። ይልቅ ቦታውን ለኤስኤስዲ ሰጥቶ ላፕቶፑን ማፍጠን ይሻላል። ለዲስኩ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ማንበቢያ ይገዛ። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይዞራል፤ እኅትማማች ተዋጥተው አንድ ቢገዙ ለሁሉም ቤት ይበቃል። ተሰክቶ እየተንቋቋ ካልተነሣ ኤሌክትሪክ አንሶት ሊሆን ስለሚችል ሁለት መሰኪያ ያለው ገመድ ይሞከርለት።

ጎረቤታችን የሆኑ እናት «ልጄ፣ ማሽኔ ነው እንጂ ሲዲውስ ደህና ነው» ብለው የልጃቸውን የሠርግ ዲቪዲ አመጡልኝ። ማሽናቸው የፊልም ዲቪዲ ያለችግር አነበበ። የሠርጉን ዲቪዲ በብርሃን ሳየው መሀሉ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን በጣት አሻራና በጭረት ተሞልቷል። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሀል ወደ ጠርዝ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያለው ሠርጉ ደህና ነው፤ ጠርዙ ላይ ያረፈው የመልሱ ማብቂያና ቅልቅሉ ነው። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አጥቤ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጌ አበስኩት። ክብ እየዞሩ ማበስ ጭረቱን በመረጃው መስመር ላይ ስለሚያስተኛው ክፉ ነው።

ከዚያ ዲዲሬስኪው በሚባል ነፃ ፕሮግራም ኮፒ አደረግሁት። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ወስዶ አስቸጋሪውን በኋላ ተመልሶ ይሞክራል፤ የት እንደቀረው መዝግቦ ስለሚይዝ ሥራውን በሌላ ማንበቢያ ካቆመበት መቀጠል ይቻላል። የእሳቸው ማሽን ያቃተውን የእኔ አሮጌ ዴስክቶፕ አነበበው። ሁለት ማንበቢያ አንድን ዲስክ እኩል አያነብም፤ «አይነበብም» የተባለ ዲስክ ሁሉ በሌላ ማሽን ሳይሞከር እንዳይጣል የምለምነው ለዚህ ነው። ኮፒውን አንዱን ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ልጃቸው ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥን፤ ፍላሽም ይሞታልና።

ከቅልቅሉ ጥቂት ደቂቃ እምቢ ብሏል። የሙሽራው ቤተሰብ ከዚያው ስቱዲዮ የራሳቸውን ቅጂ ወስደው ነበር። የእነሱ ዲቪዲ በዚያው ቦታ ካልተጫረ የጎደለውን ከዚያ እንወስዳለን፤ እናትየውም ስልክ ደውለው እንዳያጸዱት፣ እንዳለ እንዲልኩት ነግረዋቸዋል።