የተደበቀው ሰንጠረዥ

ባለፈው ክረምት፣ ቡራዩ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራ ወዳጄ አንድ ፍሎፒ ዲስክ አመጣልኝ። በውስጡ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ መምህር በ1991 ዓ.ም. ያስጻፉት የግጥም መድበል አለ። ቤተሰቡ ሊያሳትመው ይሻል፤ ወረቀቱ ግን ጠፍቷል። ማንበቢያውን ለምነን አገኘን፤ ፋይሉም ተከፈተ። ስንኞቹ በየመስመራቸው ተሰድረው ታዩ፤ ነገር ግን አንዲት የአማርኛ ፊደል አልነበረችበትም። ጭረትና ነጠብጣብ የተጫነባቸው የፈረንጅ ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶች፣ ቅንፎች። አጥንቱ አለ፤ ሥጋው የለም። በዚያው ዲስክ ላይ የነበረ አንድ የኦሮምኛ ደብዳቤ ግን እንደ ትናንት ጽሑፍ ያለ እንከን ተነበበ። ቁቤ በላቲን ፊደል ነውና።

«ቫይረስ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የዚያ ዘመን ፎንት ከ256 በላይ ቦታ አልነበረውም፤ የእኛ ፊደል ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደላችንን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፍሎ፣ ወይም ግንዱን ከቅጥያው ለይቶ፣ በላቲኖች ወንበር ላይ አስቀመጠው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዋሽራ፣ አጋፋሪ፤ ሁሉም የየራሳቸው አደራደር ነበራቸው። ፋይሉ የሚያስታውሰው ወንበሩን ብቻ ነው፤ ማን እንደተቀመጠበት የሚያውቀው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ የወንበሩ ባለቤቶች ይመለሳሉ።

ለዚህ አልከሳቸውም። መንገድ ባልነበረበት ዘመን መንገድ ጠርገዋል። ክሴ ሌላ ነው፤ የአደራደሩን ሰንጠረዥ ለምን ደበቁት?

ሰው በስስቱ የሚያማው ማይክሮሶፍት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሮጌውን የዎርድ ፋይል አሠራር የሚተነትነውን ሰነድ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። እኔም ወደዚያው ሄድሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ናቸው። አንቀጽ የት እንደሚጀምር፣ የደመቀ ቃል የት እንደሚያበቃ፣ የፎንቱ ስም የት እንደተመዘገበ ይናገራል። በዚህ ወንበር ላይ «ሀ» ይቀመጥ «ጨ» ግን አይናገርም፤ አያውቀውምና። ያን የሚያውቀው የእኛው ሰው ነው። በፎንቱ ስም ተመርቼ ሠሪውን አገኘሁት። ስሙን አልጠራም። «የንግድ ምስጢር ነው» አለኝ። ሶፍትዌሩ ከገበያ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የምን ንግድ? የማንስ ምስጢር?

ልፋታቸው በየሱቁ ያለ ክፍያ ሲገለበጥ መኖሩን አልክድም፤ የፊደሉ ሥዕል የእነርሱ ነው፤ ፕሮግራሙም እንዲሁ። «ሀ» የት እንደተቀመጠች ማወቅ ግን የጸሐፊው የገዛ ቤቱ ቁልፍ ነው። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የሸጠ ሰው የተጻፈበትን ዳዊት ቆልፎ ይይዛልን?

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይሉን። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፊደላችንን በላቲን ለመወከል ያወጡት ሥርዓት፣ ከእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻር ተወስዶ፣ «ሴራ» ይባላል። ስሙ ሴራ ይሁን እንጂ ሕጉን አንድም ሳያስቀሩ ለሁሉ ገልጠውታል። (ሴራ የሌለበት አንድ ሴራ ቢኖር ይህ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን 345 የራሱን ቦታዎች ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ማመካኛ አልነበረም።

ጉዳዩ የአንድ መድበል ብቻ አይደለም። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል፤ የቀድሞዎቹ ማዘጋጃ ቤቶች የአማርኛ ፋይሎች በማን ፎንት ይከፈቱ ይሆን? ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ግን የሰበታው ነው። መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለው እዚያ ነው። ዓይናማው ፎንቱን አግኝቶ ቢጭን ፊደሉ ይመለስለታል። ማየት ለተሳነው ተማሪ ግን ፎንቱ ቢገኝም አይፈይደውም፤ ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ፕሮግራም የሚያነበው ወንበሩን እንጂ የተቀመጠበትን አይደለም። የአባቶቹን ግጥም ሊሰማ ሲጠብቅ የተጣመመ የፈረንጅ ፊደል ስም ይዘረዘርለታል። ይህን ሁሉ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሰንጠረዥ ይፈታው ነበር።

እኔ አሁን ሰንጠረዡን በእጄ እየሠራሁ ነው። የጀመርሁት ከመምህሩ ስም ነው፤ እርሱን ስለማውቀው ጥቂት ወንበሮች ወዲያው ተፈቱልኝ። የረዳኝ ደግሞ ቤት መምቻው ነው፤ የአንዱ ስንኝ መድረሻ ሲታወቅ የጓደኛውም ይገመታል። እንዲህ እያልሁ ከመድበሉ እኩሌታውን አንብቤያለሁ። ደግ ግጥም ነው። ሁለት ወንበሮች ግን እምቢ ብለውኛል፤ የትኛው «ጸ»፣ የትኛው «ፀ» እንደሆነ አልለየሁም። ድምፃቸው አንድ ነውና ቤት መምቻው አይረዳኝም። መምህሩ የትኛውን እንደመረጡ ሠሪው ያውቃል።