አራስ ጥየቃም ሥርዓት አለው

አገራችን ውስጥ አራስ መጠየቅ ግዴታ ነው። ያልሄደ ይታማል፣ የዘገየ ይወቀሳል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤና አጥሚት ይዞ የሚመጣ ዘመድ ባይኖር ስንቷ እናት ብቻዋን ትቀር ነበር! የእኔ ጥያቄ አገባባችንን የሚመለከት ነው።

አንድ ወዳጄ ሚስቱ በኦፕራሲዮን ወልዳ ቤት በገባች ማግስት አንዲት የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ከአሥር በላይ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ መስኮቱ «ብርድ እንዳይመታት» ተብሎ ተዘግቷል። ሕፃኑ ከእቅፍ እቅፍ ይዞራል። እናትየው ስፌቷ እየጠዘጠዛት «ተጫወቱ» ትላለች። ከመጡት መካከል ክፉ ያሰበ አንድም ሰው የለም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ በፍቅር የመጣን ሰው «ተው» ማለት ይከብዳል።

ጉዳዩ ግን የይሉኝታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ እንዳሳየው በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያውን ወር አይሻገሩም። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ኢንፌክሽን ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ከሚያገኛቸው መካከል የቢሲጂ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ ይገኛሉ። ትክትክን የሚከላከለው ክትባት የሚጀመረው በ6ኛው ሳምንት ሲሆን የኩፍኝ ክትባት ደግሞ 9 ወር ይጠብቃል። እኛ የምንጎርፈው እንግዲህ እነዚህን ክትባቶች ገና ባላገኘበት ጊዜ ነው። «ምች መታኝ» ብለን የምንንቃት የከንፈር ቁስል እንኳ በአንዲት ስሞሽ ወደ ጨቅላ ከተላለፈች አንጎል ድረስ ዘልቃ ልትገድል ትችላለች።

ስለዚህ ቤተሰብ ያለ ኀፍረት ሊያወጣቸው የሚገቡ ሕጎች አሉ፦

• ሳይደውሉ አለመምጣት።
• ጉንፋን፣ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የከንፈር ቁስል ያለበት ሰው እስኪድን መቅረት፤ ስልክ ይበቃል።
• እጅን በሳሙና መታጠብ።
• ሕፃኑን አለመሳም። እናትየው ካልሰጠች አለመጠየቅ።
• ከሰልና ዕጣን ሕፃኑ ካለበት ክፍል ውጭ።
• ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መነሣት።
• ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ አለማንሣት፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አለመለጠፍ።

«ፈረንጅ ሆናችሁ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን አራስን ማግለልና መጠበቅ ከማን ተማርነው? ሕፃኑን ከሰው ዓይን የሚሸፍኑት እናቶቻችን አይደሉም? ኦርቶዶክሱ ወንድ ልጁን በ40፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ በሙስሊሙም ቤት አራሷ 40 ቀን ትታረሳለች። የአራስ ቤት ወትሮም የተከበረ፣ የራሱ ወግ ያለው ቤት ነው። የተለወጠው አኗኗራችን ነው፤ ሳሎኑ፣ ጓዳውና የአራሷ አልጋ ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ድሮ ግድግዳው ይከለክል የነበረውን አሁን ሰው መከልከል አለበት።

ያ ሰው ማን ይሁን? አራሷ ልትሆን አትችልም። አማቷን «አይሳሙት» ብትል ነገሩ ለዓመታት ይነሣባታል። ይህ የአባትየው ሥራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ በር ላይ ለመቆምና ለእናቱም ለአክስቱም «ሐኪም ከልክሏል» ለማለት ግን ሦስት ቀንም ያስጀምራል። ገና ሳትወልድ በፊት ለሁለቱም ቤተሰብ ቢነገር ደግሞ ቅያሜው ይቀንሳል።

ጠያቂም የራሱ ድርሻ አለው። የመጣነው ለእናትየው ከሆነ ቡና አፍልታ እንድታስተናግደን አንጠብቅ። የተከማቸውን የሕፃን ጨርቅ እንጠብላት፣ ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት እናምጣላት፣ ምሳዋን ሠርተን በር ላይ አስረክበን እንመለስ። እንግዳው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይጎርፍና በሁለተኛው ወር፣ እንቅልፍ ባጣችበት ሰዓት፣ ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ብንሄድ ይበልጥ እንጠቅማለን፤ ሕፃኑም ክትባቱን ጀምሮ፣ ጠንከር ብሎ ይጠብቀናል።